የጭቃ ጎማዬና የወንድሜ ተዝካር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ በሐምሌ ነው። ላሊበላ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ሰው እየሳቀ ስለሚያስታውሰኝ ልርሳው ብል እንኳ አልችልም። ሌላው እያሳመረ ከሚያወራብኝ ብዬ ራሴ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩ ቄስ ዘንድ ነው፤ እሱንም ዳዊት ሳልጀምር ጥዬ ነው የወጣሁ። የተጣመመ ፊደል ካለ አቃኑት። ነገሩን ግን አታቃኑት፣ እንደሆነው ነው።

በሪሁን እባላለሁ። እስከ ሠላሳ ዓመቴ ገበሬ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሹፌር ነኝ። አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለችኝ። በኩልመስክ መንገድ እሄድና ወደ ደጋው በሚገነጠለው የገጠር መንገድ ታጥፌ እህልም ሰውም ፍየልም አመላልሳለሁ። መንገዱ በበጋ መንገድ ነው። በክረምት ዋልካ ነው። ዋልካ የማያውቅ ሰው እግሩን ያስገባና ጫማውን ትቶ ይወጣል።

ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ የሚኖር እዚያው ደጋ ላይ ነበር። በሰኔ አረፈ። ነፍሱ ሳትወጣ ሁላችንም ባለንበት እንዲህ አለ፦ "በተዝካሬ ዕለት አባ ተክሌ መጥተው ሳይፈቱኝ እህል እንዳይቀመስ።"

አባ ተክሌ የንስሐ አባታችን ናቸው። ድሮ የዚያው አገር ቄስ ነበሩ። እርጅና እግራቸውን ሲይዘው ላሊበላ ልጃቸው ቤት ገቡ። አሁን ከአልጋ እስከ በር በሰው ትከሻ ነው። ሰውነታቸው ከባድ ነው፣ ምላሳቸው ከሰውነታቸው ይብሳል።

የሟች ቃል አይታጠፍም። አርባው የሚውልበት ቀንም አይታጠፍም፣ ዝናብ ነው ብለህ ወደ መስከረም አትገፋው። ስለዚህ በዚያ ቀን አባን ከላሊበላ አንስቶ ደጋ ማድረስ የኔ ድርሻ ሆነ።

የወንድሜ ጎረቤት ምስጋናው ጥሩ በቅሎ አለው። "አያ በሪሁን፣ በዋዜማው ወርጄ አባን በበቅሎ ቀስ አድርጌ ላምጣቸው" ብሎ ላከብኝ። እኔም "መኪና ያለው ወንድም ያለው ሰው የንስሐ አባቱ በበቅሎ አይመጡም፤ በቅሎህን ሣር አብላት" ብዬ መለስኩለት።

ይህን ሰምታ የወንድሜ ሚስት ጥሩነሽ ደወለች።

"ዋርሳዬ፣ በቅሎዋ ብትመጣ ምናለ?"

"መኪናዬ ምን አደረገችሽ?"

"ምንም አላደረገችኝ። እኛ መኪናህን የምናውቃት ስንገፋት ነው።"

ስልኩን ዘጋሁባት። እውነቱን ለመናገር ግን ጎማዎቼ እንደ ራሴ መላጣ ነበሩ። በነሱ ዳገት መውጣት ቀርቶ በእርጥብ ሣር ላይ መቆምም አይቻልም። ስለዚህ ሰይድ ዘንድ ሄድኩ።

ሰይድ ላሊበላ ያለ ጎሚስታ ነው፤ የወልዲያ ልጅ ነው። ሁለት ዓይነት ጎማ አውጥቶ ግድግዳ አስደገፈልኝ። አንዱ ሰፊ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ጥርሱ ደቃቅና የተጠጋጋ ነው። ሌላው ጠበብ ያለ ነው፤ ጥርሱ ወፍራምና የተራራቀ ሆኖ ከመሃሉ ሹል ተነስቶ ወደ ሁለት ጎን ይከፈታል። ላየው ሰው ልክ የማረሻ ጫፍ ነው።

እዚያ የቆሙ ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ "ሰፊውን! ሰፊውን!" አሉኝ። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ስለ መኪና ጎማ ሲመክር፣ በርጩማ ስለ አልጋ ሲመክር ማለት ነው። አልሰማኋቸውም። አውራ ጣቴን በደቃቁ ጥርስ መሃል ከተትኩ፤ አልገባም። በወፍራሙ ጥርስ መሃል ከተትኩ፤ ሙሉ ጣቴ ገባ።

"ጠባቡን ስጠኝ" አልኩት።

"ለምን አያ? ሰፊው እኮ ያምራል።"

"ልድረው ነው እንዴ? ጣቴን የማያስገባ ጥርስ ጭቃ አንዴ ከያዘ አይተፋውም። ዋልካው እንደ ሊጥ ይጠቀለልበትና መልሶ መላጣ ይሆናል። ሰፊ ደግሞ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ወርዶ ደረቁን መሬት አይነካም። በሬ ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ሰኮናው የተሰነጠቀ ስለሆነ ነው። በሬ ሰፊ ጫማ አድርጎ አይተህ ታውቃለህ?"

ሰይድ ራሱን ነቀነቀ። "ወላሂ አያ፣ እውነት ብለዋል። ለክረምት እኔም ብሆን ጠባቡን ነው የማስርልዎ።"

ይች ምስጋና ናት ያጠፋችኝ። ሰው አንዴ እውነት ብለሃል ሲባል ሁለተኛውንም የሚያውቅ ይመስለዋል።

ሰይድ አንዱን ጎማ ቸርኬው ላይ ሰክቶ አሰረ፤ ክሪኩን አወረደና መኪናዋን አንድ እርምጃ ወደፊት ገፋት። መሬቱ እርጥብ ስለነበር አሻራው ወጣ። ጎንበስ ብዬ ባይ የማረሻው ጫፍ ወደ ኋላ ዞሯል።

"ሰይድ፣ ገልብጠኸዋል።"

"የቱን አያ?"

"ጎማውን። አሻራውን እይ።"

ሰይድ የጎማው ጎን ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገርና አንዲት ቀስት አሳየኝ። "ጎማው ወዴት መዞር እንዳለበት የምትናገር ይች ቀስት ናት። ጎማ ሲዞር ላዩ ወደፊት ነው፣ ታቹ ወደኋላ ነው። አሻራው ተገላቢጦሽ ቢመስል አይድነቅዎ።"

"አርሰህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"የማረሻ ጫፍ ወዴት ነው የሚያይ? ወደ በሬዎቹ ነው ወይስ ወደ አራሹ ቂጥ?"

ባጃጅ ነጂዎቹ ሳቁ። ሰይድም እየሳቀ "ወደ በሬዎቹ ነው" አለ።

"በቃ አዙረው።"

"አያ፣ ጎማ እኮ አያርስም።"

"ዋልካ ውስጥ ያላረሰ ጎማ አይሄድም። ቀስቷን ያደረገው ፈረንጅ ቢሮ ተቀምጦ ነው፤ በሬ ጠምዶ አያውቅም።"

ሰይድ እጁን ጠራረገ። ቀስቷን አንዴ ደግሞ አየት አድርጎ "አብሽር አያ፣ መኪናዋም የርስዎ፣ መንገዱም የርስዎ ነው" አለና የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አድርጎ አራቱንም እኔ እንዳልኩት አሰራቸው። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

ቀኑ ደረሰ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ወርዶ ጧት አባራ። አባ ተክሌን ለአራት ተሸክመን ጋቢና አስገባናቸው። ከኋላ እማሆይ ወለተ ኪዳን ወጡ፤ የአክስታችን ልጅ ናቸው፤ መነኮሱ እንጂ ከዚያ በፊት ሁለት ባል የፈቱ ሴት ናቸው። አንድ ጀሪካን ጠላ ታቅፈው ተቀመጡ። ሦስት ዘመዶቻችንም አብረው ተጫኑ።

እስከ መገንጠያው ድረስ መኪናዋ እንደ ሙሽራ ሄደች። ጥርሱ ጠጠሩን ሲነክስ ድምፁ ራሱ ያኮራል። "አባ፣ ጎማውን ይሰማሉ?" አልኳቸው። "እሰማለሁ፤ አንተንም እየሰማሁ ነው፣ እሱ ነው የከበደኝ" አሉኝ።

ከመገንጠያው በኋላ ወንዝ አለ። ወንዙን ተሻግረህ አህያ ሰበር የሚባል ዳገት ይጠብቅሃል። ዳገቱ ላይ ነው የወንድሜ አገር። ወንዙን ተሻገርኩ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ አራቱም ጎማ እንዲጎትት አደረግኩ፤ ነዳጅ ሰጠሁ።

አሥር እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ጎማው መዞር፣ መኪናዋ መቆም። ደግሜ ሰጠሁ። ጎማው ይዞራል፣ መኪናዋ ወደ ጎን ትሄዳለች። ከኋላ ጩኸት ሰማሁ። ዞሬ ባይ እማሆይ ከቆባቸው እስከ ጀሪካናቸው ጥቁር ሆነዋል።

"አንተ ሽማግሌ፣ እኔን ነው የምታርስ?" አሉኝ።

ዘመዶቻችን ወርደው ገፉ። አንዱ በግንባሩ ጭቃ ውስጥ ተደፋ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስት ጊዜ ተንሸራተን ከነበርንበት በታች ወረድን። ጎማዎቹን ሳያቸው ያ የኮራሁበት ጥርስ የለም። ዋልካው መሃሉ ድረስ ሞልቶ ድፍን አድርጎታል። ጣቴ የገባበት ጎማ ለምን ጭቃውን አልተፋም? ገበያውን ሁሉ አስቄ የመረጥኩት ጎማ ነው እኮ።

ስልኬ ጮኸ። ጥሩነሽ ናት።

"የት ናችሁ?"

"እዚህ ነን።"

"እዚህ የት?"

"ከታች።"

"ዋርሳዬ፣ ካህናቱ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል። ዳሱ ሞልቷል። ወጡ ከእሳት ወርዷል። ሞላ ብሏል ብዬ ማንንም አላስቀመስኩም። ካህናቱ እኔን ማየት ትተው ድስቱን ነው የሚያዩ።"

"የምስጋናውን በቅሎ ላኪልኝ" አልኳት።

"በቅሎዋን ለሰው አውሷታል፣ ኩልመስክ ናት። አልፈልግም አልክ አይደል?"

ከዚያ ወዲያ ድምጿ ተለወጠ። "በሪሁን፣ ካልደረሳችሁ ሰዉን ወይ በረሃብ እመልሳለሁ፣ ወይ የሞላን ቃል አፈርሳለሁ። የቱን ላድርግ?" አለች። ወንድሜ በሕይወቱ የለመነኝ ነገር ቢኖር ይች አንዲት ናት።

"አባ፣ ቃሬዛ ሠርተን እንሸከምዎ?" አልኳቸው።

አባ ከጋቢናው በኩል ቁልቁል አዩኝ። "ሬሳ ሳልሆን በቃሬዛ ተዝካር አልሄድም። ደግሞ በነዚህ ሦስት ሰዎች? አንዱ ገና ግንባሩን ከጭቃ አላወጣም።"

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ወደኋላ ወርጄ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ከማዶ ተንደርድሬ መምጣት። ሰዎቹን ጭኜ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ቁልቁሉን ወረድኩ፤ ወንዙን በጀርባ ተሻገርኩ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌላ የዋልካ አቀበት አለ፤ ከዳገቱ ያጥራል እንጂ ጭቃው ያው ነው። መኪናዋ በጀርባዋ ምንም ሳትል ወጣችው። እንደ ፍየል ነው የወጣችው።

"በሪሁን" አሉ አባ።

"አቤት አባ።"

"ይሄ ጭቃ አይደለም?"

"ጭቃ ነው።"

"ታዲያ እንዴት ወጣች?"

መኪናዋን አቁሜ ወረድኩና ጎማዎቹን አየሁ። ጥርሱ ሁሉ ጸድቷል። ጭቃው በሁለቱ ጎን ተተፍቶ ወድቋል። ያን ጊዜ ገባኝ። ወደፊት ስነዳ ጎማው ጭቃውን ከጎን ወደ መሃል እየሰበሰበ ይጎርሰዋል፤ ወደኋላ ስነዳ ከመሃል ወደ ጎን ይተፋዋል። ሰይድ እንዳለው ነበር መታሰር የነበረበት። ቀስቷም እኮ በጎማው ጎን ላይ ጭቃ ተለቅልቃ እያየችኝ ነው።

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

"ምን አየህ?" አሉ አባ።

"ጎማው ተገልብጦ ነው የታሰረው አባ።"

"ማን ገለበጠው?"

ጎሚስታው ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የጠየቁኝ የንስሐ አባቴ ናቸው፤ የምንሄድም የወንድሜን ነፍስ ልናስፈታ ነው። ከኋላ ደግሞ እማሆይ ጆሯቸውን አቁመዋል።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ጎሚስታው ነግሮኝ ነበር። በማረሻ ተከራክሬ ገለበጥኩት።"

የአባ ሆድ መነቅነቅ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው። "እግዚአብሔር ይፍታህ። እንግዲያው አዙራትና በጀርባዋ አውጣት።"

"አባ፣ ጎማውን ላዟዙረው?"

"በምን?"

እውነታቸውን ነው። ክሪኩን በዚያ ዋልካ ላይ ባቆመው መኪናዋ ሳትነሳ ክሪኩ ይሰምጣል።

"ካህናቱ ፊት በቂጥ መግባት ነውር አይሆንም?" አልኳቸው።

"ሞላ አባን ይዘህ መጣህ ወይ ነው የሚልህ። በየት በኩል ዞረህ መጣህ አይልህም። ንዳ!"

ወንዙን ተመልሰን ተሻገርን። ከዳገቱ ሥር ካለው ሜዳ ላይ መኪናዋን አዞርኩና አፍንጫዋን ወደ ወንዙ፣ ጀርባዋን ወደ አህያ ሰበር አደረግኩ። አሁን ሌላ ችግር መጣ። አንገቴ አይዞርም፤ የስልሳ ዘጠኝ ዓመት አንገት ነው። ስፖኪዮውንም ጭቃ ሸፍኖታል። እማሆይ ጀሪካናቸውን ለሰው አስይዘው ስፖንዳውን ይዘው ቆሙ። "እኔ እመራሃለሁ" አሉ።

እንዲህ ሆኖ ወጣን። እኔ የማየው የምሸሸውን ወንዝ ነው። የምሄድበትን የሚያዩልኝ እማሆይ ናቸው።

"ወደ ወይራው! ወደ ወይራው ጠጋ በል!"

ጠጋሁ።

"በቃ! ወይራውን ልታገባት ነው እንዴ? ወደ ድንጋዩ!"

"የቱ ድንጋይ?"

"ነጩ! ኧረ ወደ ገደሉ አይደለም፤ ቅዱስ ላሊበላን፣ ወርጄ በእግሬ ነው የምሄድ!"

አባ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ መሃል መሃል ላይ "በሪሁን፣ ቀስ" ይላሉ፤ ደግሞ ወደ ዳዊታቸው ይመለሳሉ። ጎማው ግን አንዴም በባዶ አልዞረም። ጭቃውን በግራና በቀኝ እየተፋ ቆንጥጦ ወጣ። ጎማውን የመረጥኩ እኔ ነኝ፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ የተዝካሩ ሰው ከዳሱ ሥር ሆኖ አየን። ያየው ግን አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለቱ የዞረች መኪና ነው። በርቀት ወዴት እንደምትሄድ አይለይም። አንዱ "መጥተው ሊመለሱ ነው!" ብሎ ጮኸ።

የራበው ሰው ሲሮጥ አይታችሁ አታውቁም። ዲያቆኑ፣ ሽማግሌው፣ ከድስት አጠገብ የነበሩ ሴቶች ሳይቀሩ ጭቃውን እየረገጡ መጡ። ሁለት ቄሶች ካባቸውን ሰብስበው ስፖንዳዋን ያዙ። "ወዴት ነው የምትወስዳቸው? አቁም!" ይሉኛል። "እየመጣሁ ነው!" እላለሁ። "እንዴት ነው የምትመጣ? ፊትህ እኮ ወደዚያ ነው!" እማሆይ ከላይ ሆነው "ልቀቁት፣ እንዲህ ነው የሚሄደው!" እያሉ በነጠላቸው ሰዉን ይመታሉ።

ጥሩነሽ መጣች። ማቋን እንደለበሰች በጋቢናው መስኮት አየችኝ። ፊቴ በጭቃ፣ አንገቴ ተጣሞ፣ መኪናዋ በጀርባዋ። መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሜ ከሞተ አርባ ቀን ሙሉ ጥርሷን ያየ አልነበረም። እየሳቀች ጎማው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

"ሞላ ይህን ቢያይ" አለች። "ሞላ ይህን ቢያይ ሁለተኛ ይሞት ነበር።"

ከዚያ አለቀሰች። እኔም ከመሪው ላይ እጄን ሳላነሳ አለቀስኩ።

አባ ተክሌን አወረድናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ፍታቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ሳይዘሉ አደረሱ። ካህናቱ ድስት ድስቱን እያዩ ተቀበሏቸው። እህል ተቀመሰ። አባ ከበሉ በኋላ ታሪኩን ከማረሻው ጀምረው ለዳሱ ሙሉ ሰው ተረኩት። የነገርኳቸው ንስሐ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ንስሐ የሚሆነው ስግደት ሲሰጡህ ነው።

በማግስቱ ደረቅ ድንጋይ ላይ ክሪኩን አቁሜ ጎማዎቹን ቀስቷ እንዳለችው አሰርኳቸው። ላሊበላ ስመለስ ሰይድ ዘንድ ሄጄ "አንተ ነበርክ ልክ" አልኩት። ይህን ቃል በሕይወቴ ለስንት ሰው እንዳልኩት ብትጠይቁኝ ቁጥሩ አያስቸግራችሁም። ሰይድም ወንበር ሳበልኝ። የሳቁት ባጃጅ ነጂዎቹ ናቸው።

አሁን ሲስቁብኝ አብሬ እስቃለሁ ብል ውሸት ነው፤ እሳደባለሁ። ግን ብቻዬን ስነዳ ሌላው ነገር ይመጣብኛል። ያቺን በቅሎ የመለስኩ እኔ ነኝ፤ የሰይድን ምክር የናቅኩ እኔ ነኝ፤ የወንድሜን ቃል አህያ ሰበር ሥር ጭቃ ውስጥ ተክዬው ልቀር ነበር። ያን ቀን ባንደርስ ማንም አይስቅብኝም ነበር። ገበያ ላይ ሳልፍ ወሬያቸውን ያቆሙ ነበር፤ ጥሩነሽም "ግባ" ብላ እህል ታቀርብልኝና ፊቷን ታዞር ነበር። ስለዚህ ይሳቁ፤ ዝም ከሚሉኝ ይሳቁ።